ሦስት ወንድሞቼን የወሰደው «ሾተላይ» ስሙ ታወቀ፤ አሁን እህቴ ወንድ ልጅ አርግዛለች

የሁለት ልጆች እናት (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ አንባቢ ነበርኩ፣ አሁን ግን የእህቴ ነገር ስለሆነ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ይረዝማልና ታገሱኝ።

እኛ ወሎ ነን፣ ደሴ አካባቢ። እናቴ አምስት ወልዳ ያሳደገችው ሁለት ሴቶች ነው፤ እኔንና ታናሼን። ከሦስቱ ወንዶች አንዳቸውም ዓመት አልደፈኑም። ሲወለዱ ምንም አይላቸውም፣ ይጠባሉ፣ ይወፍራሉ። ሦስት አራት ወር ሲሆናቸው አፋቸው ነጭ ይለብሳል፣ ተቅማጡ አልቆም ይላል፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ክሳት። ጎረቤቱ ሁሉ «ሾተላይ ነው» አለ። እናቴ ያልረገጠችው ጠበል የለም። የመጨረሻውን ልጅ ወንድ መሆኑ እንዳይታወቅበት ብላ የሴት ቀሚስ ነበር የምታለብሰው። እሱም በሰባት ወሩ ሄደ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሳሉ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከሦስት ዓመት በፊት እዚህ ወንድ ልጅ ወለድኩ። በተወለደ በማግስቱ ከተረከዙ ደም ወስደው ወረቀት ላይ አንጠባጠቡ። ለሁሉም ሕፃን የሚደረግ ስለሆነ ልብ አላልኩትም። በስምንተኛው ቀን ስልክ ተደወለ፤ «ልጁን ይዛችሁ አሁኑኑ ኑ፣ ማንም እንዳይስመው» አሉን። ቲ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ጨርሶ የለውም። በሽታው በአጭሩ ስኪድ ይባላል፣ ከባድ ጥምር የበሽታ መከላከያ እጥረት ማለት ነው። የተበላሸው ጂን ደግሞ አይኤል2አርጂ የሚባለው ነው።

የዘር ሐኪሙ ቁጭ ብሎ የቤተሰባችንን ሐረግ ሣለ፤ ሴቱ ክብ፣ ወንዱ ሳጥን። ስለ ወንድሞቼ ስነግረው ሦስቱን ሳጥኖች ቀለም ሞላቸውና በእያንዳንዳቸው ላይ ሰረዝ ጎተተ። እናቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ራሷን ስትከስስበት የኖረችው ነገር አንድ ወረቀት ላይ ተቀምጦ አየሁት።

ልጄ በአሥረኛው ሳምንቱ ከስድስት ዓመት እህቱ የአጥንት መቅኔ ተሰጠው። ዛሬ ግቢ ውስጥ አፈር እየቆፈረ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። እህቴ አገር ቤት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ አልትራሳውንዱ ወንድ ነው ብሏል። ክትትል የምታደርግበት ቦታ ታሪኩን ስትነግራቸው «ይህ የድሮ ነገር ነው፣ አታስቢ» ብለው መለሷት። ልጁ ሲወለድ ምን እናድርግ? የሳንባ ነቀርሳ ክትባቱ፣ ቢሲጂውስ?


እማማ ወሎ

አይዞሽ ልጄ። እናትሽን ሳሚልኝ። እኔም የማውቀው ነገር ነው ይህ።


የሕፃናት ሐኪም (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ በጊዜ ጠይቀሻል። አንድ በአንድ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ስሙ። ዛሬ ሐኪም ቤት ሾተላይ የምንለው የእናትና የፅንስ ደም አርኤች በሚባለው የደም ዓይነት አለመጣጣም ነው። እሱ ልጁን የሚጎዳው በማሕፀን ወይም በተወለደ በቀናት ውስጥ ነው፣ ወንድ ሴት አይለይም፣ የመጀመሪያውን ልጅ ብዙ ጊዜ አይነካም። የእናንተው ሌላ ነው። ልጁ ጤነኛ ሆኖ ይወለዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት እናት በእንግዴ ልጁ በኩል ያሳለፈችለት ፀረ እንግዳ አካል ይጠብቀዋል። ያ ስንቅ ሲያልቅ የራሱ ጦር የለውም። ሦስት አራት ወር ላይ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ለምን ወንዶች ብቻ? አይኤል2አርጂ ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ በሌላው ትኖራለች፤ ተሸካሚ ትሆናለች እንጂ አትታመምም። ወንድ ግን ከእናቱ የሚወርሰው አንድ ብቻ ነው። ጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን የስድስት መልእክት ተቀባዮች የጋራ ምሰሶ ነው፤ ኢንተርሊውኪን 2፣ 4፣ 7፣ 9፣ 15 እና 21። ከእነዚህ 7 ቁጥሩ ለጨቅላው ቲ ሴል «እደግ» የሚለው ነው፤ 15 ቁጥሩ ደግሞ ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉትን ሕዋሳት ያሳድጋል። ምሰሶው ሲወድቅ ጣሪያው በሙሉ ይወርዳል። ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው ቢ ሴል በቁጥር ይኖራል፣ ነገር ግን ቲ ሴል ካላዘዘው አይሠራም። ጂኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ ወንድሞችሽ በታመሙበት ዘመን አገራችን ውስጥ ይህን የሚነግራችሁ ሰው ማግኘት ባይቻል አይገርምም።

ሦስተኛ፣ ዕድሉ። እናታችሁ ተሸካሚ ናቸው፤ ሦስት ልጆችና አንድ የልጅ ልጅ ይህን ካሳዩ የሚያጠራጥር ነገር የለም። እህትሽ ከሁለት አንድ ዕድል አላት። እሷ ተሸካሚ ከሆነች ደግሞ ልጁ የመታመሙ ዕድል ከሁለት አንድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ባለን እውቀት ከአራት አንድ። ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

ይህን ቁጥር ለማጥራት ልጁ እስኪወለድ መጠበቅ የለባችሁም። የልጅሽ ሚውቴሽን፣ ማለትም የጂኑ ስሕተት፣ የትኛው የዲኤንኤ ፊደል ላይ እንደሆነ በውጤቱ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ያንን ይዘሽ ልጅሽን የሚያክመውን ቡድን «የእህቴን ናሙና ለዚህች አንዲት ፊደል መርምሩልኝ» በይ። ጂኖችን ሁሉ ማንበብ አያስፈልግም፤ የሚፈለገው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ተሸካሚ ካልሆነች ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ተሸካሚ ከሆነች ደግሞ ልጁ በተወለደ ዕለት የደም ቆጠራ ይሠራለት፣ እስኪጣራ ድረስም ሕያው ክትባት (የተዳከመ ግን በሕይወት ያለ ጀርም የያዘ) አይሰጠው። እኛ አገር በልደት ዕለት የሚሰጡት ቢሲጂና የአፍ ፖሊዮ ሁለቱም ሕያው ናቸው። በስድስተኛው ሳምንት የሚመጣው የሮታ ጠብታም እንደዚሁ። ቲ ሴል የሌለው ልጅ ቢሲጂ ሲወጋ ባክቴሪያው ከክንዱ ተነሥቶ ሰውነቱን ሁሉ ሊያዳርስ ይችላል። ደም መውሰድ ካስፈለገውም ሳይነግሩ አይስጡት፤ በጨረር የታከመ ደም መሆን አለበት፣ አለዚያ የለጋሹ ሕዋስ ልጁን ያጠቃል።

ለወሊድ ስትሄድ ይህን ታሪክ በአፍ ሳይሆን በወረቀት ይዛ ትሂድ። የአንቺን ልጅ ውጤት ኮፒ አስቀምጪላት።


አዲስ አባል 22

እንግዲህ ቢሲጂ እንዲህ አደገኛ ከሆነ እኔም ለልጄ አላስወጋም። ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ደበቁን?


የሕፃናት ሐኪም (አዲስ አበባ)

ወንድሜ ወይም እህቴ፣ እባክዎ ይህን አያድርጉ። ከላይ የጻፍኩት ወንዶች ልጆች በተከታታይ የሞቱባት፣ ጂኗ ለታወቀ አንዲት ቤተሰብ ነው። የሳንባ ነቀርሳ በሞላበት አገር ለጤነኛ ሕፃን ቢሲጂ የነፍስ ዋስትና ነው፤ ጨቅላን በቲቢ የማጅራት ገትር ሲሞት አይቻለሁ። ቤተሰብዎ ውስጥ በሕፃንነት በኢንፌክሽን የሞቱ ልጆች ከሌሉ ክትባቱን በቀኑ ያስወጉ። ካሉ ደግሞ ሐኪም ያማክሩ፤ በራስዎ አይተዉት።


የላብ ሰው

ዶክተር ባሉት ላይ ከእኛ ወንበር አንድ ልጨምር። ብዙ ሰው የደም ቆጠራ ወረቀት ሲይዝ የሚያየው የላይኛውን መስመር ነው፣ ጠቅላላ ነጭ ሕዋስ። እሱ ደህና ሆኖ ልጁ ሊታመም ይችላል። ወረድ ብላችሁ የሊምፎሳይትን (ቲና ቢ ሴል ያሉበት የነጭ ሕዋስ ወገን) ፍጹም ቁጥር ፈልጉ፣ በመቶኛ የተጻፈውን አይደለም። በአዋቂ 1500 ቢሆን ማንም አይደነግጥም፤ በጨቅላ ግን ከ2500 በታች ከወረደ መጠርጠር አለበት። ማሽኑ የሚያወጣው መደበኛ ክልል ብዙ ጊዜ የአዋቂ ስለሆነ ቀይ ምልክት ላያደርግበት ይችላል። ይህች ነገር እየታለፈች ስንት ልጅ እንዳመለጠን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሌላው፣ በአገራችን ኤችአይቪ ሕክምና ባለበት ሆስፒታል የሲዲ4 ማሽን አይጠፋም። ሲዲ4 ማለት እኮ የቲ ሴል ቆጠራ ነው! ለጨቅላም ይሠራል። ጤነኛ ጨቅላ ሲዲ4ው በሺዎች ነው፤ ስኪድ ያለበት ወደ ባዶ የቀረበ ይሆናል። ውድ መሣሪያ ከውጭ ይምጣ ማለት አያስፈልግም፣ ያለውን መጠየቅ ነው። አንዳንዴ የእናትየው ቲ ሴል በእርግዝና ጊዜ ተሻግሮ ልጁ ውስጥ ስለሚቆይ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ጥሩ ቢሆንም የጂኑን ውጤት ጠብቁ።


ነርስ (ጎንደር)

የላብ ሰው ኤችአይቪን ካነሳ እኔም የሚያንገበግበኝን ልናገር። አፉ ነጭ የለበሰ፣ የከሳ፣ የሳንባ ምች የማይለቀው ሕፃን ሲመጣ ሁላችንም መጀመሪያ የምናስበው ኤችአይቪን ነው፤ ልክም ነው። ችግሩ የልጁ የቫይረስ ምርመራ (ፒሲአር) ነጻ ሲሆን፣ የእናቱም ነጻ ሲሆን፣ ጥያቄው እዚያው ይቆማል። «ነጻ ናችሁ» ተብለው ይሸኛሉ። ልጁ ግን ነጻ አይደለም! ሰፈር ደግሞ እናትየውን በዓይኑ ይገርፋታል። ውጤቱ ነጻ ሆኖ ምልክቱ ያው ከሆነ ያ ልጅ እንደገና መታየት አለበት፤ ከዘር የመጣ የመከላከያ እጥረት ሊሆን ይችላልና።


የሴት ልጅ አባት (ፍራንክፈርት)

እህቴ፣ ታሪክሽን ሳነብ ሌሊቱ ነጋ። የእኔ ልጅ ሴት ናት፤ ስለዚህ «የወንዶች በሽታ ነው» ብሎ የሚያልፍ አባት ካለ እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ።

የእኛው ኤዲኤ የሚባለው ኢንዛይም እጥረት ነው፣ ጂኑ 20ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ይህ ወንድ ሴት አይልም። እናትም አባትም አንዳንድ የተበላሸ ቅጂ ይዘው ራሳቸው ጤነኛ ናቸው፤ ልጁ ከሁለቱም የተበላሸውን ከወረሰ ይታመማል። በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ። እኔና ባለቤቴ በሽማግሌ ሰባት ቤት ተቆጥሮልን ነው የተጋባነው፤ አባቴ «እንዴት ሊሆን ይችላል?» ብሎ እስከ ዛሬ ያዝናል። ሐኪሟ የነገረችን ሰባት ቤት መቁጠር ዕድሉን በጣም ይቀንሰዋል እንጂ አይዘጋውም፤ ሁለት ባዕዶችም በአጋጣሚ አንድ ጂን ላይ ሊገናኙ ይችላሉ።

ኤንዛይሙ ከሌለ ሰውነት መጣል የነበረበት ዲኦክሲአዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፤ ለሊምፎሳይት መርዝ ነው። ቲውም ቢውም ገዳዩም ሕዋስ አብረው ያልቃሉ። በአንድ በኩል ግን ከሌሎቹ ይሻላል፤ የጎደለው ኤንዛይም ስለሆነ በመርፌ ሊተካ ይችላል። ልጄ ለጋሽ እስኪገኝ ድረስ በመርፌው ነው የቆየችው። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የጂን ሕክምና የተሞከረውም በዚህ በሽታ በተያዘች የ4 ዓመት ልጅ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1972 ኤሎይዝ ጊብሌት የምትባል የሲያትል ተመራማሪ ይህን ኤንዛይም ደም ውስጥ የምታጠናው ለሌላ ጉዳይ ነበር። የመከላከያ እጥረት ያለባቸው የሁለት ሕፃናት ደም ሲመጣላት ኤንዛይሙ አልነበረም። የዘር መከላከያ እጥረት ከአንድ የታወቀ ጉድለት ጋር ሲያያዝ ያ የመጀመሪያው ነው። ሁለቱም ሴቶች ነበሩ።


የባዮሎጂ መምህር (ባሕር ዳር)

የፍራንክፈርቱ ወንድማችን በር ከፈተ። ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ የምነግረውን እዚህም ላካፍል፣ ምክንያቱም «ስኪድ» የአንድ በሽታ ስም የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እሱ የብዙ በሽታዎች የጋራ መጠሪያ ነው። ሰውነት ቲ ሴል ለመሥራት የሚያልፍበት መንገድ ረጅም ነው፣ ከመንገዱ አንዱ ድልድይ ሲሰበር ልጁ ያለ ቲ ሴል ይቀራል።

ቲ ሴልን ልብስ ሰፊ አድርጋችሁ አስቡት። እያንዳንዱ ቲ ሴል ጠላት የሚለይበትን ተቀባይ ከመሥራቱ በፊት የራሱን ዲኤንኤ ቆርጦ፣ መሐል ያለውን ጥሎ፣ ጫፍና ጫፉን ይሰፋል። መቀሱ ራግ1 እና ራግ2 የሚባሉ ጂኖች ሥራ ነው። መቀስ ከሌለ ቲም ቢም አይወለድም፤ ገዳዩ ሕዋስ ግን ይህን ስፌት ስለማይፈልግ ይተርፋል። መቀሱ ደንዞ ጥቂት ብቻ ከቆረጠ ደግሞ ጥቂት የተበላሹ ቲ ሴሎች ተባዝተው የልጁን ቆዳ ያቀሉታል፣ ፀጉሩን ያራግፉታል፤ ኦመን ሲንድሮም ይባላል፣ ብዙ ጊዜም እንደ ተራ የቆዳ በሽታ ይታያል።

ከተቆረጠ በኋላ የዲኤንኤው ጫፍ ይቋጠራል። ቋጠሮውን የሚፈታው አርተሚስ የተባለ ፕሮቲን ነው። በአሜሪካ የናቫሆ ሕዝብ ዘንድ ይህ ጂን የተበላሸበት ስኪድ ከ2,000 ልደት በአንዱ ገደማ ይታያል፤ ከጥንት አንድ አባት ወይም እናት የመጣ አንድ ዓይነት ሚውቴሽን ነው። አርተሚስ ሌላውንም የዲኤንኤ ስብራት ስለሚጠግን እነዚህ ልጆች ጨረርና ኃይለኛ የካንሰር መድኃኒት አይችሉም። ለዚህ ነው የጂኑን ስም ማወቅ ለወጉ ያህል ያልሆነው፤ ለአንዱ ልጅ የሚያድነው የንቅለ ተከላ ዝግጅት ሌላውን ሊጎዳ ይችላል።

እህቴ፣ ልጅሽ ተረከዙ ላይ የተወጋበት ምርመራም የሚፈልገው ይህንኑ ስፌት ነው። ሲቆረጥ የሚወድቀው የዲኤንኤ ቁራጭ ክብ ሆኖ ሕዋሱ ውስጥ ይቀራል። ወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ካለ ሰፊው ሠርቷል፤ ወለሉ ንጹሕ ከሆነ መርፌ አልተነሳም። በደረቀች የደም ጠብታ ላይ ያንን ቁራጭ ይቆጥራሉ። ዊስኮንሲን እ.ኤ.አ. በ2008 ጀመረች፣ በ2018 መጨረሻ 50ዎቹም ግዛቶች ይሠሩት ነበር፤ ስኪድ ከ58,000 ልደት በአንዱ ገደማ እንደሚገኝም ከዚህ ምርመራ ታወቀ።

ስለ ቲመስ ዕጢም መናገር ነበረብኝ። ቲ ሴል ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው፣ የሚሠለጥነውም እዚያ ነው። በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ትንሽ ክፍል የጎደለበት ዲጆርጅ ሲንድሮም ውስጥ ዕጢው ይቀንሳል፣ አልፎ አልፎም ጨርሶ አይኖርም። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ አይወረስም፤ ልጁ ላይ አዲስ የሚፈጠር ነው። ዕጢው ጨርሶ ለሌለው ልጅ የሚያስፈልገው የቲመስ ንቅለ ተከላ ነው።


ቤርሼባ 07

እኛ ጋ እስራኤል ውስጥ ይህ የተረከዝ ምርመራ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለሁሉም ሕፃን ይደረጋል። እናቴ ከጎንደር የመጣች ናት፤ የልጄ ተረከዝ ሲወጋ «ምን አጠፋ?» ብላ አለቀሰች። ይህን ክር ለእሷ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የመምህሩን ወለል ላይ ቁራጭ ስትሰማ ገባት፤ ባሏ ሸማኔ ነበር።


አዲስ አባል 22

ዶክተር፣ ስለ ክትባቱ ያሉኝን ተቀብያለሁ፣ ልጄ ነገ ይወጋል። አንድ ጥያቄ፦ ያ በፕላስቲክ ክፍል ውስጥ ያደገው አሜሪካዊ ልጅ ይህ ነበር የያዘው?


የሕፃናት ሐኪም (አዲስ አበባ)

በጣም ደስ ብሎኛል፣ እግዚአብሔር ያሳድግልዎ።

አዎ፣ ዴቪድ ቬተር፤ ሂዩስተን እ.ኤ.አ. በ1971 ተወለደ። ከእሱ በፊት ወንድሙ በዚሁ በሽታ ስለሞተ ገና ሲወለድ ከጀርም በጸዳ ክፍል አስገቡት። በ12 ዓመቱ ከእህቱ መቅኔ ተሰጠው፤ መቅኔው ውስጥ የተደበቀ ቫይረስ ነበርና ሊምፎማ (የሊምፎሳይት ካንሰር) አስከትሎበት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1984 ሞተ። የያዘው እዚሁ የምንነጋገርበት አይኤል2አርጂ ነው፤ እሱ ሲሞት ግን ጂኑ ገና አልታወቀም ነበር። በሌላ በኩል ሚኒሶታ ውስጥ ሮበርት ጉድ እ.ኤ.አ. በ1968፣ ብዙ ወንዶች ሕፃናት ከሞቱበት ቤተሰብ የመጣ ጨቅላን ከእህቱ በተወሰደ መቅኔ አድኖት ነበር። ልዩነቱ የሚስማማ ለጋሽና ጊዜ ነው። ኢንፌክሽን ሳይነካቸው፣ ከሦስት ወር ተኩል በፊት ንቅለ ተከላ ያገኙ ልጆች ከመቶ ከ90 በላይ ይተርፋሉ።


የሁለት ልጆች እናት (ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያላችሁትን በሙሉ አትሜ ለእህቴ በሰው ላክሁላት።

የእህቴ ውጤት መጣ። ተሸካሚ ናት። ስልኩን ዘግቼ መኪና ውስጥ ብዙ ቆየሁ።

ስለ ጡት ማጥባትም ግራ ገብቶኛል። እኔን እዚህ ሲኤምቪ የሚባል ቫይረስ በወተት እንዳይሻገር ብለው አስቁመውኝ ነበር።


የሕፃናት ሐኪም (አዲስ አበባ)

የተላለፈው ነገር ተላልፏል፣ ልጁ ጤነኛ የመሆኑ ዕድል ግን አሁንም ከሁለት አንድ ነው። ጡቱን ከዚህ መድረክ በሰማችው ቃል አታቁም፤ ንጹሕ ውኃ አስተማማኝ ባልሆነበት ጡጦ ራሱ ይገድላል። ቆጠራው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ስለሚደርስ በእሱ ላይ ተመሥርቶ ሐኪሟ ይወስን። ዝቅ ካለ ልጁ ከሰው ይለይ፣ ኢንፌክሽን የሚከላከለውን ኮትሪሞክሳዞል የተባለ መድኃኒት መጀመሩን ይጠይቁ፣ ንቅለ ተከላው የት ሊሠራ እንደሚችልም ከአሁኑ እያጠያየቃችሁ ቆዩ።


የሁለት ልጆች እናት (ሜሪላንድ)

ወለደች። ወንድ ነው፣ 3 ኪሎ ከ200።

ወረቀቱን አስይዣት ነበርና ተረኛዋ ሐኪም አንብባ ወዲያው ገባት፤ ክትባቶቹን ራሷ አቆየች። የላብ ሰው፣ ያልከውን ቦታ ነው ያየሁት፦ የሊምፎሳይቱ ቁጥር 5,400። ሲዲ4ው 2,600። የጂኑ ውጤት ትናንት ደረሰ፤ ልጁ የወረሰው ጤነኛውን ኤክስ ነው። ዛሬ ጠዋት ቢሲጂውን ተወጋ፣ ጮኸ አለችኝ፤ ጩኸቱን በስልክ አሰማችኝ።

እናቴ ዜናውን ስትሰማ መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥላ «የነዚያኛዎቹስ ይኸው ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «በእኔ ወተት አይደለም?» አለች። አይደለም እማዬ፣ በወተትሽ አይደለም አልኳት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።


የላብ ሰው

5,400! እንኳን ማርያም ማረቻት። ዛሬ ላብራቶሪው ውስጥ ለባልደረቦቼ አነበብኩት። ከእንግዲህ ለጨቅላ የምናወጣው ወረቀት ላይ የሕፃናቱን መደበኛ ክልል በእጃችንም ቢሆን እንጽፋለን ተባብለናል።


እማማ ወሎ

ልጆቼ፣ እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት መጻፍ ስለሚከብደኝ ነው፤ አሁን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ናት። እኔም ሁለት ወንዶች ቀብሬአለሁ፣ አንዱን በአምስት ወሩ፣ አንዱን በስምንት። እህቴም አንድ። ሴት ልጄ ደግሞ 26 ዓመቷ ነው፣ ለጥር ልንድራት ነው። ዶክተር፣ እነዚያ ልጆች ከሞቱ ደማቸው የለም፤ ምን ይዤ ልምጣ?


የሕፃናት ሐኪም (አዲስ አበባ)

እማማ፣ እርስዎ ራስዎ ይበቃሉ። የልጆቹ ደም ባይኖርም የእርስዎና የልጅዎ አለ፤ እህትዎ በሕይወት ካሉ እሳቸውም ይምጡ። ያ ይሁን ሌላ በሽታ ከወዲሁ ልነግርዎ አልችልም፣ ግን በእናትና በእህት ወገን ወንዶች ብቻ ከሞቱ መታየት አለበት። ልጆቹ በስንት ወራቸው ታመሙ፣ መጀመሪያ ምን አመማቸው፣ ቢሲጂ ተወግተው ክንዳቸው ወይም ብብታቸው አብጦ እንደነበር፣ የሚያስታውሱትን ሁሉ የልጅ ልጅዎ ትጻፍልዎ። በውስጥ መስመር የምሠራበትን ቦታና ቀን ልኬልዎታለሁ። ከሠርጉ በፊት ይምጡ።